የምስጋና መልእክት፦ ጫካው ውስጥ ላልተዋችሁኝ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁም። የትሬይል ሃፍ ማራቶኑን፣ ያንን አስፋልት ላይ ሳይሆን በጫካና በዳገት የሚሮጠውን 21 ኪሎ ሜትር፣ ጨርሻለሁ! ብዙዎቻችሁ እንዴት ሆነ ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ዋናው የመጣሁበት ነገር ግን ማመስገን ስለሆነ ረዘም ቢልባችሁ ታገሱኝ።

ከዶክተሬ ልጀምር። ስመዘገብ ደህና ነበርኩ፣ ፕሮግራሜም ጥሩ እየሄደ ነበር፣ ከዛ ያ ደረቴ ላይ የወረደ ጉንፋን ከነትኩሳቱ መጣና ረጃጅሞቹን ሩጫዎች የምሰራበትን ጊዜ በሙሉ በላው። ቀለል ያለ ሩጫስ ብዬ ስጠይቅሽ በቁጣ ሳይሆን ቁጭ አድርገሽ አስረዳሽኝ፣ ንፍጥና ማስነጠስ ብቻ ቢሆን ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይቻል ነበር፣ ትኩሳት እያለ ግን አይሮጥም፣ አንዳንድ ቫይረስ የልብ ጡንቻን ስለሚያስቆጣ በዛ ላይ ጫና ሲጨመር የልብ ምት ሊዛባ ይችላል አልሽኝ። እኔ ልምምዱ እያመለጠኝ ስብሰለሰል አንቺ ልቤን እየጠበቅሽልኝ ነበር። ውድድሩ ሲቃረብም በደንብ መርምረሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይ ካዞረሽ እዛው ታቆሚያለሽ ብለሽ ቃል አስገብተሽ ለቀቅሽኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

አዘጋጆቹ፣ እናንተንም ከልብ አመሰግናለሁ። ልምምድ እንደጎደለኝ ደውዬ ስነግራችሁ አይዞሽ ብቻ ብላችሁ አልሸኛችሁኝም፣ እውነቱን ነገራችሁኝ። ሃፍ ማራቶን ሲባል አብዛኞቻችን አይናችን ላይ የሚመጣው አስፋልት ነው፣ ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫሌንሲያ ላይ 21.0975 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ስትጨርሰው ያየነው አይነት። የትሬይል ሰዎች ግን 100 ሜትር ሽቅብ መውጣትን እንደ ተጨማሪ 1 ኪሎ ሜትር ነው የሚቆጥሩት፣ ስለዚህ 900 ሜትር ዳገት ያለው 21 ኪሎ ሜትር ጉልበት ላይ ወደ 30 ይጠጋል፣ የአስፋልት ሰዓትሽን እርሺው፣ ዳገቱን ከመጀመሪያው ጀምረሽ በእግርሽ ሂጂው፣ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ነው አላችሁኝ። ይሄ ምክር ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ከሰው ጋር ልሩጥ ብዬ እዛው አልቅ ነበር። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየገፋሁ ስወጣ ያለፉኝ ሯጮችም በርቺ ሳይሉኝ አላለፉም፣ አንድም ሰው።

መንገዱን ምልክት ያደረጋችሁ ልጆች፣ እናንተን በአይኔ እንኳን አላየኋችሁም። ግን እያንዳንዱ መንታ መንገድ ላይ ስራችሁን አይቻለሁ። ትክክለኛው መንገድ ላይ ብርቱካናማ ሪባን በአይን ትክክል ታስሮ፣ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ሪባን አለ፣ አልተሳሳትሽም የሚል፣ የተሳሳተው መንገድ አፍ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ አጋድማችሁበታል። ሰው ሲደክመው ቀና ብሎ ማየት ራሱ ከባድ ነው እኮ፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ነው እንደዛ የሚያስረው። ብቻዬን በነበርኩበት በዛ ረጅም ጫካ ውስጥ አንዴም ጠፋሁ ብዬ አልፈራሁም።

ሁለተኛው የውሃ ጣቢያ ላይ የነበርከው ወንድሜ፣ ፊቴ ላይ የደረቀውን ጨው አይተህ ነው መሰለኝ ውሃውን በላይ በላይ ልጠጣ ስል ቀስ በይ ያልከኝ። ብዙ ላብ ወጥቶ ውሃ ብቻ ከመጠን በላይ ሲጠጣ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፣ ያ ከውሃ ጥም የባሰ አደጋ አለው፣ ጥምሽን ያህል ጠጪና ጨውና ስኳር ያለበትን ውሰጂ፣ ጄልሽንም (ያንን ለጉልበት የሚወሰደውን ወፍራም ጣፋጭ) ደክሞኛል እስክትዪ አትጠብቂው አልክ። ሰልፍ እያለብህ፣ ሁሉም አምጣ አምጣ እያለህ፣ ለኔ ያን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜ አገኘህ። ተባረክ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ቁልቁለቱ። ዳገቱን ከወጣሁ በኋላ ያለው ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው ግን የልምምድ እጥረት የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ቁልቁል ስትሮጡ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችሁን የሚይዘው፣ ያንን ያልለመደ ጭን ደግሞ ቶሎ ይዝላል። ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዛ ግራ ባቴን ክራምፕ (የጡንቻ መኮማተር) ያዘኝና መሬት ቁጭ አልኩ። ያቺ ጥቁር ኮፍያ ያደረግሽው እህቴ፣ ከኋላዬ በጥሩ ፍጥነት እየመጣሽ ነበር፣ ሰዓትሽም ጥሩ እንደነበረ ከአሯጯጥሽ ያስታውቃል። ጭቃው ላይ ተንበርክከሽ ተረከዜን በአንድ እጅሽ ይዘሽ በሌላው የእግሬን ጣቶች ወደ ቅልጥሜ ቀስ እያልሽ ገፋሽ፣ ተንፍሺ፣ አታጥብቂው፣ ተንፍሺ እያልሽ፣ ባቴ ከድንጋይነቱ እስኪላቀቅ ድረስ። ከዛ ተነስተሽ አትሄጂም? አልሄድሽም፣ አብረሽኝ ወረድሽ። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ በተረከዝሽ ፍሬን አትያዢ፣ ከእግርሽ ስር ሳይሆን ሁለት ሶስት እርምጃ ወደፊት እዪ እያልሽ አሳየሽኝ፣ ስትለይኝም አንዱን ምርኩዝሽን እጄ ላይ ትተሽልኝ ሄድሽ። ስምሽን እንኳን አልጠየቅኩሽም። ምርኩዝሽ እኔ ጋ አለ፣ ይሄን ካየሽ እባክሽ ጻፊልኝ። የተጎዳን ሰው አልፎ መሄድ ብዙ የትሬይል ውድድር ላይ በደንብም ክልክል ነው ይባላል፣ አንቺ ግን ደንብ ስላለ እንዳልቆምሽ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ።

ስዊፐሮቹ፣ ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ እየመጣችሁ ማንም ጫካ ውስጥ እንዳይቀር የምታዩት፣ እናንተን ምን ብዬ ላመስግናችሁ? የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች እኔ ነበርኩ የመጨረሻዋ። ጋሼ፣ አንድም ጊዜ ቶሎ በይ አላሉኝም። ትንፋሼ ላይ እንዳይጫኑብኝ ብለው ትንሽ ራቅ ብለው ነበር የሚከተሉኝ፣ በዛውም ሪባኑን እየፈቱ ወደ ቦርሳዎ ይከቱ ነበር፣ የጊዜ ገደቡ ያልፍብኛል ብዬ ዞር ዞር ስል "ልጄ፣ ሰዓቱን ለኔ ተይው፣ አንቺ እግርሽን እዪ" አሉኝ። ከዛ በኋላ ሰዓቴን አላየሁም። የልጅዎ እኩያ የምትሆነው ጓደኛዎም ያንን የመጨረሻ አጭር ዳገት በወሬ አስረስታኝ ነው ያወጣችኝ። የጊዜ ገደቡ ሳያልፍ ገባሁ፣ ሶስታችንም አብረን።

እቤት የነበራችሁት የኔዎቹ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ስልክ ይዛችሁ የጠበቃችሁኝ፣ ከዛ በኋላም ደረጃ በጎን ስወርድ እጄን የያዛችሁኝ፣ እወዳችኋለሁ። ለምትጨነቁልኝ ሁሉ፣ ደህና ነኝ፣ ከቁልቁለት የሚመጣ የጡንቻ ህመም በነጋታው ሳይሆን በሁለተኛው ሶስተኛው ቀን አካባቢ ነው የሚብሰው፣ ከዛ እየለቀቀ ይሄዳል፣ እኔም እየተሻለኝ ነው። ዶክተሬም አይታኛለች፣ ደረቴ ንጹህ ነው።

አዘጋጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ውጤቱን ስትለጥፉ የኔ ስም ከነሰዓቱ መጨረሻ ላይ አለ፣ ደስ ብሎኛል፣ ስክሪንሹት አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ሪባን ያሰሩት፣ ውሃ ጣቢያ የቆሙት፣ ከኋላ የመጡት ሰዎች ስም ግን የትም የለም። ፈቃደኛ ከሆኑ እነሱንም እዛው ዝርዝሩ ስር ጻፉልን፣ ቢያንስ እኔ በየስማቸው ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ።