አባዬ፣ ሐኪም አይደለሁም

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ? ሐዋሳ ተስማምቶሃል አሉኝ። ስልኩ ላይ የኔ ድምፅ እየተቆራረጠ፣ ያንተም ጆሮ እያስቸገረ፣ አንድ ነገር ሳንጨርስ ነው የምንዘጋው። ስለዚህ ብጽፍልህ ይሻላል ብዬ ነው። እህቴ ታነብልሃለች። (እህቴ፣ እየዘለልሽ እንዳታነቢ፤ አውቅሻለሁ።)

ለዕድሩ ሰዎች “ልጄ ሐኪም ናት” እያልክ ነው አሉ። አንዲት ጎረቤታችሁ ደውለው ስለ ስኳር መድኃኒታቸው ጠየቁኝ እኮ! አባዬ፣ ሐኪም አይደለሁም። የማጠናው ፍል ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንን ነው። “ታዲያ እሱ ምን ይጠቅማል?” እንደምትል ይገባኛል። ባለፈውም ብለኸኝ ነበር፤ መልሱን ሳትሰማ መስመሩ ተቋረጠ።

እዚህ ፍል ውሃ ለጉልበትህ ብለህ ስንት ጊዜ ተመላልሰሃል። እቴጌ ጣይቱም ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት ያሠሩት ውሃውን ወደው ነው፤ ከተማው ሁሉ ከዚያ ተነሣ። እናንተ የወደዳችሁት ውሃውን ነው፤ እኔን የሚያጓጓኝ ውስጡ ያለው ነዋሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕንቁላል ሲቀቀል ይረጋል አይደል? ተጠቅልሎ የነበረው ፕሮቲን በሙቀት ይፈታና እርስ በርሱ ይያያዛል። ከዚያ ወዲያ ወደ ጥንቱ አይመለስም። የሰውም ሰውነት ሙቀት አይችልም፤ ትኩሳታችን 42 ዲግሪ ከገባ ነገር ተበላሸ። እነዚህ የፍል ውሃ ተሕዋስያን ግን በ70 እና በ80 ዲግሪ ይበላሉ፣ ይራባሉ። ከውቅያኖስ ወለል የተገኘ አንዱ እንዲያውም በ122 ዲግሪ ይባዛል። ፕሮቲናቸው የተሠራው ከኛው ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። አተጣጠፉ ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ በየቦታው የተሳሰረ ስለሆነ በቀላሉ አይፈታም።

እ.ኤ.አ. በ1966 ቶማስ ብሮክ የሚባል አሜሪካዊ ከተማሪው ጋር ሆኖ የሎውስቶን ፓርክ ካለ ፍል ውሃ አንዱን አወጣ። ቴርመስ አኳቲከስ ተባለ። ሰውዬው ገንዘብ አገኝበታለሁ ብሎ አልነበረም፤ እዚያ ውስጥ ምን ይኖር ይሆን ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ካሪ መሊስ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ጥቂት ዲኤንኤን (የዘር መረጃ የተጻፈበትን ክር) በሚሊዮኖች ማባዣ ዘዴ አሰበ። ፒሲአር ይሉታል። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ኖቤል አስገኘለት። በዘዴው ዲኤንኤው ወደ 95 ዲግሪ ይሞቅና ሁለቱ ክሮች ይላቀቃሉ፤ ሲቀዘቅዝ ኢንዛይም (ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ይገለብጣቸዋል፤ እንደገና ይሞቃል። ችግሩ ኢንዛይሙ በየዙሩ መቀቀሉ ነበር። በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ሆነ። ከዚያ የብሮክ ተሕዋስ ትዝ አላቸው። የሱ ኢንዛይም ሙቀቱን ችሎ ሥራውን ቀጠለ።

(እዚህ አዲስ አበባ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፒሲአር ማሽኑ ከዚያ በላይ ነው የሚያሞቀው። ቱቦው ግጥም ተደርጎ ካልተዘጋ ጉድ ነው።)

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ አፍንጫህ ውስጥ ያን ረጅም ጥጥ ሲከቱብህ የተቆጣኸው ትዝ ይልሃል? የዚያ ምርመራ ስሙ ፒሲአር ነው። ሙቀት የሚችል ኢንዛይም ባይኖር ውጤትህ ያን ያህል ቶሎ አይደርስም ነበር። ስለዚህ “ምን ይጠቅማል?” ላልከው አንዱ መልስ ይኸው። የልብስ ሳሙናውና ከስታርች የሚሠራው ሽሮፕም አለ፤ እሱን ሌላ ጊዜ።

አሁን ወዳንተ ሙያ ልምጣ። ቆዳ ፋብሪካው ውስጥ ኖራ ክፍል ነበርክ። ያ የገማ ዕንቁላል ሽታ ልብስህ ላይ ስለሚቀር እማዬ በር ላይ ታስወልቅህ ነበር። የጣቶችህ ጫፍ ሁልጊዜ የተላጠ ነበር። ሽታው ከኖራው ጋር የምትጨምሩት ሰልፋይድ የሚባለው ኬሚካል ነው። ሰልፋይዱና ኖራው ፀጉሩን አሟሙተው ጭቃ ያደርጉታል፤ ጭቃው ደግሞ ከነመርዙ ወደ ወንዝ ይወርዳል። አሲድ ከነካው የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ይህን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ስንቱን አይተሃል።

ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም ግን ሌላ መንገድ አለው። ፀጉሩን አያሟሟም። ሥሩን የያዘውን ነገር ይበላና ፀጉሩ እንዳለ ይወጣል። ተጣርቶ ለብቻው ይለቀማል፣ ፍሳሹም ይቀላል። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ናሙናዬ የመጣው ከሻላ ሐይቅ ዳር ነው። ወደናንተ ስመጣ ላንጋኖን ካለፍኩ በኋላ በስተቀኝ የሚገኘው ነው። ሐይቁ ሶዳ ነው፤ ዳር ዳሩን ፍል ውሃ ይወጣል። ውሃው እንዳይቀዘቅዝብኝ በሻይ ፔርሙዝ ነው ያመጣሁት። አትሳቅ። ከዚያ የዱቄት ወተት የተቀላቀለበት ጄሊ ላይ እዘራዋለሁ። ጄሊው በወተቱ ምክንያት ነጭ ነው። በ60 ዲግሪ አሳድሬ ጠዋት ስከፍተው አብዛኞቹ ነጠብጣቦች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ግን ዙሪያቸውን ጥርት ያለ ክብ ሠርተዋል። የወተቱን ፕሮቲን በልተውታል ማለት ነው። ያን ክብ ሳይ ደስታዬን ብታይ! ችግሬ መድረቁ ነው፤ በላስቲክ እጠቀልለዋለሁ። መብራት ሲሄድ ደግሞ የሙቀት ሳጥኑ ይቀዘቅዛል። ለነሱ 30 ዲግሪ ብርድ ነው።

ለቆዳ ሥራ ዋናው ሙቀት መቻሉ እንዳልሆነ ግን ልንገርህ። ድራሙ ውስጥ ያለው ለብ ያለ ውሃ ነው። ዋናው አልካሊ የሚባለውን የኖራውን ዓይነት ባሕርይ መቻሉ ነው፤ የሶዳ ሐይቅ ውሃም እንደዚያው ስለሆነ ልጆቹ ለዚያ ይሆናሉ። ሙቀት መቻሉ ደግሞ መጋዘንና መንገድ ላይ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ክሮም የሚባለውን ኬሚካልም አያስቀርልንም፤ እሱ የማልፋቱ ጣጣ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ወተት የሚበላ ኢንዛይም ቆዳውንም ሊበላ ይችላል። የፀጉሩን ሥር ለቆ የቆዳውን ፊት ከነካ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

“ብታገኚውስ፣ ፈረንጅ ወስዶ ይከብርበታል” ማለትህ አይቀርም። ሥጋትህ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የፒሲአር መብት እ.ኤ.አ. በ1991 በ300 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ የሎውስቶን ፓርክ ሳንቲም አልደረሰውም። ከኬንያ ሶዳ ሐይቆች የተወሰዱ ተሕዋስያንም ውጭ አገር የጂንስ ማደብዘዣ ኢንዛይም ሆነው ተሸጡ፤ ኬንያ ድርሻዬ የታለ ብላ ስትከራከር ቆይታለች። እኛ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን። እንዲህ ያለ ሀብት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም መጋራት ከአገር እንዳይወጣ ይላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ለኔ ግን ትልቁ ዋስትና ሥራው እዚሁ አራት ኪሎ ቢያልቅ ነው፤ ናሙናውን ልከን ውጤቱን ከምንገዛ።

ስለዚህ ያንተ እርዳታ ያስፈልገኛል፤ የምሬን ነው። መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ልጠይቅህ። ፀጉሩ ሊለቅ መድረሱን በአውራ ጣትህ ገፋ እያደረግክ ነበር የምታውቀው። ከየት ቦታ ነበር የምትጀምረው፣ ከአንገቱ ወይስ ከጀርባው? ፍየልና በግ እኩል ሰዓት ይወስዱ ነበር? ሰዓቱ ያለፈበት ቆዳ ፊቱ ምን ይመስላል፣ ስትዳስሰውስ? ይህን የሚለካ መሣሪያ እኔ ጋ የለም።

የምትመልስልኝን እህቴ በድምፅ ትቅዳና በቴሌግራም ትላክልኝ። ብትሳደብም ችግር የለም። (እህቴ፣ አታጥፊው።) ለጥምቀት ስመጣ ሁለት የፍየል ቆዳ ቁራጭ አመጣልሃለሁ፤ አንዱ በኖራ፣ አንዱ በኔ ኢንዛይም የተሠራ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግርህም። ዳስሰህ ትነግረኛለህ።

ልጅህ