ሁለት ዓመት የዘገየ መልስ

እንዴት ነሽልኝ የኔ እህት? እናትሽስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

«የመንግሥት ድጎማ ልንጠይቅ አስበናል፣ አንቺ አልፈሽበታል፣ እስኪ ምከሪን» ያልሽበት መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ አንብቤው መልስ ሳልሰጥሽ ቀረሁ። ነገ እጽፋለሁ ስል ሳምንት ሄደ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ እንደምጽፍልሽ ጠፋኝ። ትናንት «የድጎማው ማመልከቻ ጥሪ ወጥቷል፣ ሦስት ሳምንት ነው የቀረን» ብለሽ እንደገና ስትጽፊ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። መልእክትሽ ውስጥ አንዲት የወቀሳ ቃል እንኳ የለችም። ይቅር በይኝ።

ለምን እንደጠፋሁ ልንገርሽ። ምክንያቱም ከጥያቄሽ አይርቅም።

ያኔ እኛ ድጎማ አሸንፈን ነበር። አረጋውያንን ቤት ለቤት እየሄድን የምንጠይቅበትን ሥራ ታውቂዋለሽ። ስማችን ከአሸናፊዎቹ ጋር ሲወጣ ተቃቅፈን አለቀስን። ሁለት ሠራተኛ ቀጠርን፤ ቤተሰቦቹንም «በሳምንት ሁለቴ እንመጣለን» አልናቸው። ውሉን ስንፈርም ግን ገንዘቡ በቅድሚያ እንደማይሰጥ ገባን። እኛ መጀመሪያ እናወጣለን፣ ደረሰኝ አያይዘን እንጠይቃለን፣ እነሱ አጣርተው ይመልሱልናል። ይህ ከመጀመሪያው በጥሪው ሰነድ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ ያነበብኩት ዓላማውንና የገንዘቡን ጣሪያ ብቻ ነው።

በባንክ ያለን ገንዘብ ለስድስት ሳምንት እንኳ አልበቃም። ለሠራተኞቹ አራት ወር ደመወዝ ሳንከፍል ቀረን። አንዷ ልጅ ያላት ናት፤ አንድ ቀን መጥታ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። አልፈረድኩባትም። እኔ ከዘመድ ተበድሬ ሌሊት ሌሊት ደረሰኝ ስለጥፍ አድር ነበር። ከደረሰኞቹም ጥቂቶቹ ተመለሱብን፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የወጣ ወጪ ነው ተባልን። በመጨረሻ ገንዘቡ ተከፈለን፣ ሥራውም ተጠናቀቀ። መልእክትሽ የደረሰኝ ግን በዚያ መሃል ነበር። «ጠይቁ፣ አይዟችሁ» ብዬ ልጽፍልሽ አልቻልኩም፣ «ተዉት» ለማለትም ልቤ እምቢ አለኝ።

አሁንም ተዉት አልልሽም። ልጆቹን ከትምህርት በኋላ የምታስነብቡበት ሥራ የሕዝብ ገንዘብ የሚገባው ሥራ ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። የሚያሳስበኝ ብታሸንፉ እንዴት እንደምትሸከሙት ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን አንድ መስመር እንኳ ከዚህ በላይ ሳትጽፉ የጥሪውን ሰነድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። ስለ ክፍያ የሚለውን ክፍል ሁለቴ። ቅድሚያ ክፍያ አለው? ስንት በመቶ? ቀሪው በየስንት ወሩ ነው የሚለቀቀው? ከዚያ ከሂሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ቁጭ በሉና፣ ገንዘቡ ሦስት ወር ቢዘገይ በምን እንደምትቆዩ በወረቀት ላይ አስሉ። መልስ ካጣችሁ የምትጠይቁትን መጠን ቀንሱ። ወይም አቅም ያለው ድርጅት ዋና አመልካች ሆኖ እናንተ አጋር ሆናችሁ ግቡ። ለጀማሪ ማኅበር ይህ ሁለተኛው መንገድ ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል።

ቀኑም ሊያታልላችሁ ይችላል። ማመልከቻ ያስገባ ሁሉ በሚቀጥለው ወር ገንዘብ የሚመጣ ይመስለዋል። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት የፋይናንስ ደንብ ማመልከቻ ከተዘጋ በኋላ ውጤት ለማሳወቅ እስከ 6 ወር፣ ከዚያ ውል ለመፈረም ደግሞ እስከ 3 ወር ይሰጣል። ዘጠኝ ወር ማለት ነው። በመስከረም እንጀምራለን ብላችሁ ለወላጆች ቃል ከገባችሁ አሁኑኑ አርሙት።

ምዝገባችሁንስ አደሳችሁ? ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። በአሜሪካ የፌዴራል ድጎማ የሚጠይቅ ድርጅት ሳም በሚባለው የመንግሥት መዝገብ አስቀድሞ መመዝገብና በየዓመቱ ማደስ አለበት። በሌሎች አገሮችም ስሙ ይለያይ እንጂ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ የሕጋዊ ሰውነት ምስክር ወረቀት፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የኦዲት ሪፖርት፣ የቦርድ ውሳኔ። ጥሩ ፕሮፖዛል በአንድ የጎደለ ወረቀት ሳይነበብ ሊወድቅ ይችላል።

አሁን ወደላክሽልኝ የፕሮፖዛል ረቂቅ ልምጣ። በግልጽ እነግርሻለሁ፣ አትቀየሚኝ። «ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢ ናቸው» ብለሽ ጀምረሻል። እውነት ነው። ግን ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ ገምጋሚ ሆኜ ተጋብዤ ነበር፤ የልጆች ሥራ ይዘው ከመጡት ብዙዎቹ በዚሁ ዓረፍተ ነገር ነው የጀመሩት። አንድ ገምጋሚ ክምር ፕሮፖዛል ይዞ ይቀመጣል። ፊት ለፊቱ የነጥብ ሠንጠረዥ አለ፤ ለችግሩ ይህን ያህል፣ ለዘዴው ይህን ያህል፣ ለበጀቱ ይህን ያህል። እያንዳንዱን መልስ ፍለጋ ገጽ ይገልጣል። ፍላጎት በተጠየቀበት ቦታ የድርጅቱን ታሪክ ካገኘ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር የለውም፣ ቢፈልግም አይችልም። ስለዚህ የጥሪውን ጥያቄዎች እንዳሉ ርእስ አድርጊያቸው፣ በቅደም ተከተላቸው መልሺ። ነጥቡ የበዛበት ክፍል ላይ ብዙ ገጽ ስጪ።

ስለ ችግሩ ስትጽፊም ከራሳችሁ መዝገብ ጀምሪ። ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ገባ? ሲገቡ አንድ አንቀጽ ማንበብ የማይችሉት ስንቶቹ ነበሩ? ከስድስት ወር በኋላስ? ይህን ከናንተ በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም። ከዚያ ቀጥለሽ ያቺን ልጅ አንሺያት፤ በስልክ የነገርሽኝን፣ የእናቷን መድኃኒት ማሸጊያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብባ የነገረቻትን። ስሟን አትጥሪ። ሦስት መስመር ይበቃታል። ያኔ ስትነግሪኝ ስልኩን ይዤ አልቅሻለሁ፤ ገምጋሚውም ሰው ነው።

ሎግፍሬሙን፣ የሥራውን ዓላማና ውጤት ከነመለኪያው በአንድ ላይ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ፣ ባዶ ትተሽዋል። አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ለዩኤስኤአይዲ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የለጋሾች ቅጽ ውስጥ ገብቷል። ብዙ ሰው ለይስሙላ ይሞላዋል። እኔ ግን ሁለት ዓምዶቹን እወዳቸዋለሁ። አንዱ «የማረጋገጫ ምንጭ» የሚለው ነው። «የልጆች የማንበብ ችሎታ ይሻሻላል» ትያለሽ፤ ዓምዱ በምን አወቅሽ ይልሻል። ስለዚህ ገና ሲገቡ አጭር የንባብ ፈተና መስጠት፣ መዝግቦ መያዝ፣ ሲጨርሱ ያንኑ መድገም አለባችሁ። ይህን የሚሠራ ሰውና ጊዜ በጀቱ ውስጥ መኖር አለበት። ሌላው «ታሳቢዎች» የሚለው ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍሉን በነፃ መስጠቱን ይቀጥላል ብላችሁ አስባችኋል አይደል? ጻፉት። ርእሰ መምህሩ ቢቀየርስ? እሱንም አስቡበት፤ የፈረመበት ደብዳቤ ካለ አያይዙ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ጥሪውን ለመምሰል ስትሉ ሥራችሁን አትለውጡ። ጥሪው ስለ ኮምፒዩተር ሥልጠና ቢሆን እናንተ የንባብ ማኅበር ናችሁ፤ ሌላ ጥሪ ጠብቁ። ድጎማ እየተከተለ በየዓመቱ ሌላ ሥራ የያዘ ማኅበር አይቻለሁ። በመጨረሻ አባላቱ ራሳቸው ምን እንደሚሠሩ መናገር አቅቷቸው ተበተኑ። በጣም ያሳዝናል፤ ጎበዝ ልጆች ነበሩ።

በጀቱ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ የተቃጠልኩበት እሱ ላይ ነውና።

የቢሮ ኪራይ፣ የመብራት፣ የሂሳብ ሠራተኛ ደመወዝ በሚለው መስመር ላይ ዜሮ ብለሽ ጽፈሻል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ገንዘቡ ሁሉ ለልጆቹ ነው ለማለት ነው። እኛም እንዲያ አድርገን ነበር። ግን ደረሰኝ የሚይዝ ሰው ከሌለ ሪፖርት የለም፣ ሪፖርት ከሌለ ቀጣዩ ክፍያ የለም። ይህ ወጪ የሥራው አካል ነው። ሕጎቹም ያውቁታል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ከመንግሥት ጋር የተደራደሩበት ምጣኔ የሌላቸው ድርጅቶች ለቀጥታ ያልሆነ ወጪ፣ እንደ ኪራይና መብራት ላለው፣ መጠየቅ የሚችሉት ለዓመታት 10 በመቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ እስከ 15 በመቶ ከፍ ተደርጓል። በኢትዮጵያ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጣሪያ አለ ማለት ከጣሪያው በታች መጠየቅ ይፈቀዳል ማለት ነው። የናንተ ጥሪ ስንት እንደሚፈቅድ ፈልጊና የሚገባችሁን ጠይቁ። አትፈሩ።

ከዚያ ማቺንግ ፈንድ። ማኅበሩ ከራሱ የተወሰነ እንዲያዋጣ ጥሪው ከጠየቀ ጥሬ ገንዘብ ብቻ እንዳይመስልሽ። በብዙ ቦታ የበጎ ፈቃደኞች ሰዓት ይቆጠራል፤ የሚተመነውም ያንኑ ሥራ ተከፋይ ሰው ቢሠራው በሚከፈለው ልክ ነው። እናንተ ጋ በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጡ ጡረተኛ መምህራን አሉ። ያ ትልቅ ሀብት ነው! ግን የገቡበትና የወጡበት ሰዓት በፊርማ ካልተያዘ ምንም ነው። መዝገቡን ዛሬ ጀምሩት፣ ድጎማው ቢመጣም ባይመጣም።

እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ አጠገቡ ይጻፍ። «መጻሕፍት» ብቻ ብሎ ድምር ማስቀመጥ አይበቃም፤ ስንት መጽሐፍ፣ የአንዱ ዋጋ፣ በየትኛው ፕሮፎርማ። በፕሮፖዛሉ ትረካ ላይ ሁለት አስተማሪ ብላችሁ በጀቱ ላይ ሦስት ከሆነ ገምጋሚው ወዲያው ያየዋል፤ እኔም ስገመግም በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ። አንድን ወጪ ለሁለት ለጋሽ አታስከፍሉ። ባለማወቅም ቢሆን ገንዘብ ያስመልሳል፣ ስምም ያጠፋል። ደረሰኞቹን ደግሞ ሥራው ሲያልቅ አትጣሉ። በአሜሪካው ደንብ የመጨረሻው ሪፖርት ከገባ በኋላ 3 ዓመት መቀመጥ አለባቸው፤ የናንተው ስንት እንደሚል ውሉ ላይ ታገኙታላችሁ።

«ድጎማው ሲያልቅ ሥራው እንዴት ይቀጥላል?» የሚለውን ጥያቄ «ሌሎች ለጋሾችን እናፈላልጋለን» ብለሽ አልፈሽዋል። እውነቱን ጻፊ። መጻሕፍቱ ይቀራሉ፣ የሠለጠኑት አስተማሪዎች ይቀራሉ፣ የሚቀነሰው የትራንስፖርቱ አበል ነው፤ እሱን የወላጆች ኮሚቴ ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም? ኮሚቴውን ጠይቃችሁ መልሱን አስገቡ። ትንሽም ቢሆን እውነተኛ መልስ ይሻላል።

የድጋፍ ደብዳቤዎቹ ጥሩ ናቸው፤ አትጨምሩ።

ደግሞ ብትወድቁ፣ አስተያየቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከተጠየቁ ይሰጣሉ። እኛ ሁለተኛ ስንጠይቅ ያሸነፍነው የመጀመሪያውን አስተያየት ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ እያንዳንዱን ነጥብ እየመለስን ነው። ያን ሰሞን ብታዪኝ! ለአንድ ሳምንት ማንንም ማናገር አልፈለግሁም ነበር። የቦርዳችን ሰብሳቢ ናቸው ወረቀቱን አምጥተው የለጠፉት።

ቁልፉን አስቀምጣ የሄደችውን ልጅ አግኝቻት ነበር፣ ባለፈው ወር። የቀረባትን ደመወዝ ገንዘቡ እንደገባ ከፍለናታል። ሌላ ሥራ ይዛለች፣ ልጇም አድጓል። ይቅርታ ጠየቅኋት። «እናንተም እኮ አልተከፈላችሁም» አለችኝ። ከሷ ጋር ከተገናኘሁ ወዲህ ነው ላንቺም ልጻፍላት እያልኩ መመላለስ የጀመርኩት። አንቺ ቀደምሽኝ።

ሙሉውን በጀት ዛሬ ማታ ላኪልኝ፣ እንዳለ፣ ሳታስተካክይ። ጥሪው ላይ ስለ ክፍያ የሚለውን ገጽም ፎቶ አንሥተሽ ጨምሪ። ቅዳሜ ከሰዓት እደውላለሁ፣ ሂሳብ ሠራተኛሽም አጠገብሽ ትሁን። ትረካውን በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እናየዋለን። ማስገቢያው አርብ ከሆነ እኛ ረቡዕ እናስገባለን፤ በመጨረሻው ቀን ሲስተሙ ሲጨናነቅ አይቻለሁና።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጠፍታ ነበር፣ መጣች በያቸው።

ያንቺው እህት