ከትእዛዝ ውጭ ስለተላኩ የአይጥ ዲኤንኤ ናሙናዎች የቀረበ ቅሬታ

ጎንደር፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለላቦራቶሪ ዕቃ አስመጪ ድርጅታችሁ የሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ናሙናዎቹ እንዲተኩልን ስለመጠየቅ

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን የተግባር ትምህርት የሚውል፣ ክሮሞሶማቸው በምሕንድስና ከተለወጠ አይጦች የተወሰደ ዲኤንኤ በጥር ወር ማዘዛችን ይታወሳል። ያዘዝነው የአንድ ክሮሞሶም ቁራጭ ሳይጎድል እዚያው በቦታው የተገለበጠባቸውን ሦስት ናሙናዎችና ለማነጻጸሪያ ሁለት ያልተነኩ ናሙናዎችን ነበር። ዕቃው አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ደረቅ በረዶው አልቆ፣ የሁለቱ ቲዩቦች ጽሑፍም በእርጥበት ደብዝዞ ነበር፤ ዲኤንኤ በዚህ ብቻ የሚበላሽ ባለመሆኑ ያን አልፈነዋል።

ቅሬታችን በይዘቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በአይጥ ላይ በሚሠራበት በዚህ ዘዴ፣ እያንዳንዳቸው 34 ጥንድ ቤዝ ያላቸው ሁለት የሎክስ ፒ ምልክቶች በአንድ ክሮሞሶም ላይ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ሲገቡ ክሪ የተባለው ኢንዛይም መካከላቸው ያለውን ቁራጭ ይገለብጠዋል፤ አንድ አቅጣጫ ከያዙ ግን ቆርጦ ያወጣዋል። የምስክር ወረቀታችሁ «የተገለበጠ» ቢልም፣ ራሳችሁ በላካችኋቸው ፕራይመሮች (የሚባዛውን ክፍል ከሁለት ጫፍ በሚወስኑ አጫጭር ዲኤንኤዎች) ፒሲአር፣ ማለትም የተመረጠ የዲኤንኤ ክፍል የማባዛት ሥራ፣ ስንሠራ ግልባጩ ሊፈጥራቸው ከሚገባው ሁለት አዳዲስ መጋጠሚያዎች (የተገለበጠው ቁራጭ ጫፎች ከቀሪው ክሮሞሶም ጋር ከሚገናኙባቸው ቦታዎች) አንዱም በሦስቱ ናሙናዎች አልታየም። ተማሪዬ ተጠራጥራ ከቁራጩ ውጭ በግራና በቀኝ ያሉትን ፕራይመሮች ብታጣምር ግን ጥርት ያለ ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ በጄል ላይ የሚያሳየው መስመር) ወጣ። በጤነኛ ክሮሞሶም ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ፒሲአር የሚሻገረው አይደለም፤ ባልተነኩት ናሙናዎችም ባንዱ አልወጣም። ስለዚህ የላካችሁልን መካከሉ የተቆረጠውን ነው።

በስልክ ስናሳውቅ «መብራት ስለሚጠፋባችሁ ማቀዝቀዣችሁን ፈትሹ» ተባልን። መብራት መጥፋቱ እውነት ነው። ሆኖም የተበላሸ ዲኤንኤ ባንድ ያሳጣል እንጂ በናሙናው ያልነበረ መጋጠሚያ አይፈጥርም።

ልዩነቱ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ በተገለበጠው አይጥ ዘረ መሎቹ በቁጥር እንዳሉ ሲቆዩ በተቆረጠው ግን ከየጥንዱ አንድ ቅጂ ስለሚጎድል፣ ልናስተምር ያሰብነው ሁሉ ይዛባል። ትክክለኛዎቹ ሦስት ናሙናዎች ከመላካቸው በፊት የመጋጠሚያዎቹ የጄል ፎቶግራፍ እንዲደርሰን፣ የማጓጓዣው ወጪም በድርጅታችሁ እንዲሸፈን እንጠይቃለን። የእኛን የጄል ፎቶግራፎች አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
የጄኔቲክስ ላቦራቶሪ ኃላፊ