ከንቅለ ተከላው በኋላ ያለውንም ጠይቁልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ሰሞኑን ያወጣችሁትን ዘገባ ቤተሰቡ ሁሉ ተቀባብሎ አነበበው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሥራው በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ባሕር መሻገር ብቸኛው መንገድ መሆኑ ቀርቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእጥበት የሚመላለስ ዘመድ ያለው ያውቀዋል። ዘገባችሁ ግን ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ ያበቃል። የእኛ ቢጤው ጭንቀት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሰውነት አዲሱን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው ታካሚው ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ይወስዳል፤ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስም አያቋርጥም። መድኃኒቶቹ የሰውነትን ዘበኛ ያስተኙታል። በመጀመሪያው ወር የሚይዘው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን በአብዛኛው ከሆስፒታሉ የሚያገኘው ነው፤ በቁስሉ፣ ደም ሥር ውስጥ በገባው መስመር፣ በተለይ ደግሞ በሽንት ቱቦው በኩል። ይባስ ብሎ ፕሬድኒሶሎን ትኩሳቱን ሊሸፍነው ይችላል፤ በሽተኛው ደህና መስሎ ይቆይና ድንገት ይወድቃል።

የእህቴ ልጅ ንቅለ ተከላውን ያደረገው ህንድ አገር ነው። ካገገመ ከወራት በኋላ ተቅማጥ አዳክሞት መሃል ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል አስተኛነው፤ ስሙን ማንሳቱ ለማንም አይበጅም። ሽንቱን ለመለካት ቱቦ ገባለት። ተቅማጡ ቆመ፣ እህልም ቀመሰ፣ ቱቦው ግን እዚያው ቀረ። ተረኛ ሐኪሞች ሲቀያየሩ አንዱ ሌላው ያስወጣዋል ብሎ ይመስለኛል። ከዚያ ብርድ ብርድ አለው። የሽንት ካልቸሩ (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ክሌብሴላ የተባለ ባክቴሪያ ሆኖ መጣ፣ ያውም ሴፍትሪአክሶን የተባለው የተለመደ አንቲባዮቲክ የማይነካው ዓይነት። ሜሮፔነም የተባለ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ፍለጋ ከቸርችል ጎዳና እስከ ፒያሳ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርን። ዋጋውን ተዉት። እንደ ጀንታማይሲንና ኮሊስቲን ያሉት አማራጮች ደግሞ ኩላሊትን ራሱን ይጎዳሉ፤ ያንን ኩላሊት የሰጠችው እናቱ ናት። ልጁ ድኗል፣ ተመስገን።

በሽተኛ ሆስፒታል ውስጥ ኢንፌክሽን ሲይዘው ጠያቂን መውቀስ ይቀናናል። እርግጥ አልጋው ላይ ካልተቀመጠና በሽተኛውን አገላብጦ ካልሳመ የጠየቀ የማይመስለው ዘመድ አለን (በር ላይ ቆሜ በመመለሴ እስካሁን የሚያኮርፉኝ አክስቶች አሉ)። ሆኖም ቱቦውን ያስገባው ጠያቂ አይደለም፤ በአንድ ጓንት ከአልጋ አልጋ የሚዞረውም ጠያቂ አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ነርሷን ለምን እጅሽን አልታጠብሽም ማለትም ይከብዳል። ለዚህ ነው የእጅ ማሻ አልኮል በየአልጋው አጠገብ መኖር ያለበት፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል፣ ቧንቧ አይፈልግም። የሚታይ ቆሻሻ ወይም ተቅማጥ ሲኖር ብቻ ውሃና ሳሙና የግድ ነው። እኛ በነበርንበት ክፍል የአልኮሉ ጠርሙስ ግድግዳው ላይ አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን 15ቱን ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው እንደሚይዛቸው ገልጿል። በሀብታሞቹ አገሮችም 7 ናቸው። ይህ የሁሉም ሕሙማን ቁጥር ነው፤ በሽታ የመከላከል አቅማቸው በመድኃኒት የተዳከመባቸው ብቻ ተለይተው አልተቆጠሩም። እንግዲህ ነገሩ የእኛ ብቻ ነውር ካልሆነ ሆስፒታሎቻችን ለምን ያፍሩበታል? ስንት ንቅለ ተከላ እንደሠሩ ባነር ይሰቅላሉ፤ ስንቱ ታካሚ እዚያው ኢንፌክሽን እንደያዘው በአንድ ወረቀት ጽፈው ቢለጥፉ ቤተሰብ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ዘጋቢያችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራ ይዛ ስትሄድ ሦስት ነገር ትጠይቅልን፦ የሽንት ቱቦ ከገባ በኋላ ይውጣ አይውጣ ብሎ በየቀኑ የሚወስነው ማን ነው? ካልቸር ውጤቱ ስንት ቀን ይፈጃል? የአልኮሉን ጠርሙስ የሚሞላውስ ማን ነው?

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሰንጋ ተራ