የቅርስ ክበብ ዘገባ፦ የኬንት የሆፕ ማድረቂያ ቤቶች

የለንደን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የቅርስ ክበብ ዓመቱን ሙሉ ያጠናው አንድ ዓይነት ሕንፃ ብቻ ነው። በኬንት ገጠር ሾጣጣ ጣሪያቸው ላይ ነጭ ቆብ ደፍተው የሚታዩት ክብ ግንቦች «ኦስት» ይባላሉ፤ ለቢራ ምሬትና ጠረን የሚሰጠው የሆፕ አበባ ይደርቅባቸው ነበር። እኔ የድሮ ድልድዮችን ብናጠና እመርጥ ነበር፤ በድምፅ ተሸነፍኩ።

የዓመቱን ሥራ የመራው የአንዲት ተማሪ እናት በወላጆች ቀን «ጌሾ ለማድረቅ ይህ ሁሉ ግንብ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ ነው። ጌሾና ሆፕ የቅርብ ዝምድና የሌላቸው ተክሎች ቢሆኑም ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የጌሾ ቅጠልና እንጨት ደጅ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃልና። ሆፕ ግን የሚለቀመው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ የእንግሊዝ አየር መርጠብ ሲጀምር ነው፤ ከክብደቱም ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ውኃ ስለሆነ፣ ተከምሮ ከዋለ ይግላል፣ ይበላሻል።

በመስከረም ኬንት ሄደን አንድ ኦስት ውስጥ ስንገባ ልጆቹ ሕንፃው ራሱ መሣሪያ መሆኑን ተረዱ። ከታች እሳት አለ፤ ከፍ ብሎ በፈረስ ጭራ ጨርቅ የተሸፈነ የእንጨት ርብራብ ላይ ሆፑ ይሰጣል፤ ትኩሱ አየር በርብራቡ አልፎ፣ እርጥበቱን ይዞ፣ በቆቡ ይወጣል። ሆፑ መልኩ እንዲያምር እሳቱ ላይ ድኝ ይጨመር ነበር። ማድረቁ ግማሽ ቀን ያህል ስለሚፈጅ ባለሙያው በለቀማው ወራት እዚያው ያድር ነበር። የደረቀው ሆፕ በጎን ባለው ክፍል ቀዝቅዞ፣ በወለሉ ቀዳዳ በተንጠለጠለ ረጅም ጆንያ ውስጥ ይጠቀጠቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክብ ግንብ ሙቀትን በእኩል ያዳርሳል ተብሎ ተስፋፋ፤ በኋላ ግን አራት ማዕዘኑም ያው እንደሚሠራ፣ ለግንባታም እንደሚረክስ ታይቶ ወደ እሱ ተመለሱ።

በሁለተኛው መንፈቅ ከካርቶን ሞዴል ሠራን። ቆቡ ነፋስ በመጣ ቁጥር ዞሮ ጀርባውን ለነፋሱ፣ አፉን ወደ ሌላው ወገን ማድረግ አለበት፤ ልጆቹ ግን መሪ ክንፉን በጀርባው በኩል ስለተከሉት አፉ ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት ገጠመ። ለሙከራ ያጨስነው ዕጣን ተመልሶ ክፍሉን ሞላው፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውም ጮኸ፤ ለዚህ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። በሦስተኛው ሙከራ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ከጉዞው ስንመለስ አንድ ልጅ ነፋስ እየነፈሰ የማይዞር ቆብ አይቶ ነበር፤ ቤቱ እንደ ብዙዎቹ ኦስቶች መኖሪያ ሆኗልና ቆቡ ለጌጥ ብቻ ቀርቷል። የእኛ ሞዴል በመግቢያው መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ቆቡን በእጅ ማዞር አይፈቀድም፣ እፍ ማለት ይበቃል።