ለነርሷ ልጄ፣ ለሐኪሞቼና ለጠያቂዎቼ ሁሉ የምስጋና መልእክት

አስቀድሜ ልዑል እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ምን ላይ እንደነበርኩ ሁላችሁም ስለምታውቁት በዝርዝር አላሰለቻችሁም። ያ ጉንጬን እንደ መብረቅ የሚመታኝ ሕመም ጋብ ብሎልኛል፤ ጥርሴም አልተነቀለም። ሁለተኛውን ማለቴ ነው፤ የመጀመሪያውስ በከንቱ ሄዷል።

ከሁሉ በፊት የጎረቤቴን ልጅ፣ ነርሷን ላመስግን። ልጄ፣ አንዱ ተነቅሎ ሕመሙ አልተወኝ ሲል ቀጣዩም ይነቀል ተብሎ ቀጠሮ በተሰጠኝ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ውኃ ስታፈሺልኝ አየሽኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ሲያየኝ ነበር፤ ልብ ያልሽው ግን አንቺ ነሽ። "እትዬ፣ ግማሽ ፊትዎን ለምን ሳይታጠቡ ተዉት?" አልሽኝ። ውኃ ሲነካኝ፣ ነፋስ ሲነካኝ፣ ሳወራም ይነሳብኛል አልኩሽ። ምን ያህል ይቆያል ስትይኝ፣ ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ግን ነፍሴን ሊያወጣት ይደርሳል አልኩሽ። ሌሊትስ? ሌሊት ያስተኛኛል። ጥቂት አሰብ አድርገሽ "ይህ የጥርስ ጠባይ አይመስለኝም" አልሽ።

የሥራ ተራሽን ከባልደረባሽ ጋር ተቀያይረሽ ወደ ጥርስ ሐኪሜ አብረሽኝ ሄድሽ። ሐኪምን መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት አገራችን፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣሽ፣ "ዶክተር፣ ይቅርታዎን፤ በራጁ ላይ ይህ ጥርስ ምን ይታይበታል?" አልሻቸው። እኔ እኮ በእፍረት ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ! እሳቸው ግን ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሱት። ከዚያም ጥርሱን በመሣሪያው እጀታ መታ መታ አደረጉት፤ ቀዝቃዛ ጥጥም አስነኩት። ከጎኑ ካለው ጤነኛ ጥርስ የሚለይበት ነገር አልነበረም።

ዶክተር፣ ስለ መጀመሪያው ጥርስ አሁንም ቅር ይለኛል፤ አልደብቅዎትም። ቅር ሳይሰኙ ወደ ነርቭ ሐኪም የሚልከኝን ወረቀት ስለጻፉልኝ ግን አመሰግንዎታለሁ። ጣቴን ጥርሱ ላይ አድርጌ ስጮህብዎት የነበርኩትም እኔው ነኝ።

ሕመሙ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ይባላል፤ የፊትን ስሜት የሚያስተላልፈው ነርቭ ሕመም ነው። በኤም አር አይ ሲታይ አንድ የደም ሥር ነርቩን ተጭኖታል። መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ነው። ለሚጥል በሽታም የሚሰጥ መሆኑን ስትሰማ እህቴ ደንግጣ አልቅሳ ነበር፤ አይዞሽ፣ የሚጥል በሽታ አልያዘኝም። በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ተደረገልኝ። መጀመሪያ ላይ ቢያዞረኝም፣ ደሜ እየተመረመረ ይኸው ቡናዬን በሰላም እጠጣለሁ። የነርቭ ሐኪሜ፣ ጥያቄዬን ሁሉ ሳይቸኩሉ ስለመለሱልኝ እድሜ ይስጥልኝ።

ልጄ፣ አሁንም ወደ አንቺ ልመለስ፤ እናትሽ አንቺን ወልዳ አልተጎዳችም። ለታክሲ እንኳን አላስከፈልሽኝም። ስሸሽ የነበረውን ጉንጬን ስመሽ የሄድሽ ዕለት ምን እንደተሰማኝ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የኤም አር አዩን ወጪ የሸፈንከው ወንድሜ፣ የዕድራችን አባላት፣ ማኅበርተኞቼ፣ ሾርባ ያመላለሳችሁልኝ ጎረቤቶች፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁ ይቅር በሉኝ። ስትደውሉ ያላነሳሁትም ንቄ ሳይሆን መናገር ራሱ ያመኝ ስለነበር ነው። በባለወልድ የጽዋው ተራ የእኔ ነውና አንዳችሁም እንዳትቀሩ።