የመኪናዎን ቴፕ ከመቀየራችን በፊት ለምን እንደምንፈትሸው

ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ
አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ብዙዎቻችሁ ወደ ሱቃችን ስትመጡ «ከመኪናው ጋር የመጣው ቴፕ አልሠራ ብሏል፤ አውጡትና አዲስ ግጠሙልኝ» ትላላችሁ። «መጀመሪያ እንፈትሸው» ስንል ቅር የሚለው ደንበኛ አለ፤ ሒሳብ ለማብዛት የምናደርገው የሚመስለውም አይጠፋም። ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስረዳቱ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

ድምፁ የጠፋ ቴፕ ሁሉ የተበላሸ ቴፕ አይደለም። የመኪና ቴፕ ሁለት የኮረንቲ መስመር ይገባዋል። አንዱ ቁልፍ ቢዞርም ባይዞርም ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ሲሆን ሰዓቱንና የመዘገባችኋቸውን ጣቢያዎች ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ሌላው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ይመጣል፤ ቴፑን የሚያስነሣው ይህ ነው። መስመሮቹ በየራሳቸው ፊውዝ ያልፋሉ። በአንዳንድ መኪኖች ሁለተኛው መስመር ከሲጋራ መለኮሻው ጋር ፊውዝ ስለሚጋራ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ያቃጠለው ፊውዝ ቴፑንም ይዞት ይጠፋል። እንግዲህ ቴፑ ድንገት ከጠፋባችሁ መለኮሻው ላይ ስልክ ሰክታችሁ ሞክሩ። እሱም ካልሠራ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ አንድ ፊውዝ ብቻ ነው። ቴፑ እየሠራ ጠዋት ጠዋት ጣቢያዎቹን የሚረሳ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከባትሪው መስመር ነው።

ባትሪ በተቀየረ ማግስት «ሞተ» ተብሎ የሚመጣ ቴፕም አለ። በአሮጌ ቮልስዋገኖች ላይ ስክሪኑ «ሴፍ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ያሳያል፤ ብዙ ሆንዳዎች ኮድ ይጠይቃሉ። ይህ ብልሽት ሳይሆን የሌባ መከላከያ ነው። እባካችሁ ቁጥሩን በግምት አትሞክሩ። ቮልስዋገኑ ሁለት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ይቆለፋል፤ እንደገና ለመሞከር ቴፑን አብርቶ አንድ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ኮዱ ብዙውን ጊዜ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር በተሰጠች ካርድ ላይ ይገኛል። ካርዷ ከጠፋች ቴፑን አውጥተን ቀፎው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር አንብበን እናፈላልጋለን።

ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ቪትዞችና ኮሮላዎች ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ነው። በጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭት ከ76 ሜጋ ኸርዝ ይጀምራል፤ የቆዩት ቴፖች ደግሞ 90 ላይ ያበቃሉ። የእኛ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በእነዚህ ቴፖች ላይ ጨርሶ አይገኙም። ቴፑ ጤነኛ ነው፤ የተሠራው ለሌላ አገር አየር ስለሆነ ነው። ችግሩን የምንፈታው በአንቴናውና በቴፑ መካከል በምትገባ ትንሽ መቀነሻ ሣጥን ነው። ሣጥኗ የሚመጣውን ሞገድ በተወሰነ ቁጥር ዝቅ ታደርገዋለች፤ በ20 የምትቀንሰውን ብንገጥም ሸገር 82.1 ላይ፣ ፋና 78.1 ላይ ይሰማሉ። አሐዱ 94.3 ግን 74.3 ላይ ያርፋል፤ ቴፑ ከ76 በታች ስለማይወርድ አይሰማም። በ15 የምትቀንሰውን ብንመርጥ አሐዱ 79.3 ላይ ይመጣና በፈንታው አፍሮ 105.3 ከ90 በላይ ሆኖ ይቀራል። ከመግጠማችን በፊት «የትኛውን ጣቢያ ነው የሚያዳምጡት?» ብለን የምንጠይቃችሁ ለጨዋታ ማሟያ አይደለም። ሁሉንም ጣቢያ በትክክለኛ ቁጥሩ እፈልጋለሁ የሚል ደንበኛ ካለ ያኔ መቀየሩ ተገቢ ነው፤ እኛም እንነግረዋለን።

በእነዚሁ መኪኖች የጃፓን ካርታ የያዘ ቴፕ ካላችሁ ከውስጡ ያለችውን ትንሽ ካርድ «የቶኪዮ መንገድ ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ አውጥታችሁ አትጣሉ፤ አጥፍታችሁም ዘፈን አትጫኑባት። በብዙ የቶዮታ ቴፖች ላይ ያለ እሷ ስክሪኑ ሥራውን አይቀጥልም። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪኖች ላይ ደግሞ ዳሽቦርዱ ከዚህ በፊት ተፈትቷል፤ ሽቦዎቹም ተቆርጠው ተቀጥለዋል። ጥፋቱን ከቴፑ ይልቅ በናስትሮ ከተጠቀለለ ቅጥል ላይ ብናገኘው አንገረምም።

ፍተሻው ቴፑ ራሱ ተበላሽቷል ካለ የሚጠገነውንና የማይጠገነውን እንለያለን። አቧራ የያዘው የሲዲ ማንበቢያ ሌንስ ይጸዳል። ስትጨምሩት የሚቀንስ የድምፅ ቁልፍ ይጸዳል ወይም ይለወጣል፤ በሙቀት የተሰነጠቀ ብየዳም ይታደሳል። ውኃ የገባበትን ግን አንጠግንም፤ ለጊዜው ቢነሣ እንኳ ዝገቱ ሥራውን አያቆምም።

መቀየር ግድ ሲሆን አገጣጠሙ ከቴፑ ዋጋ ይበልጥ ወሳኝ ነው ብለን እናምናለን። የፋብሪካውን ሶኬት አንቆርጥም። ማገናኛ ሶኬት እንጠቀማለን፤ ነገ መኪናውን ስትሸጡ አሮጌው ቴፕ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። የቶዮታ ቴፕ ወርዱ 200 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተለመደው መጠን 180 ነው፤ ክፍተቱን የሚሸፍን ክፈፍ ያስፈልጋል፤ ካርቶን አጥፎ መወተፍ ሥራ አይደለም። አንዳንድ ቦታ ቴፑ ያለ ቁልፍ እንዲሠራ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣውን ቢጫ ሽቦና ቁልፍ ሲዞር የሚመጣውን ቀይ ሽቦ አንድ ላይ ያስሯቸዋል። ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያድርና መኪናው ጠዋት አይነሣም፤ ባለቤቱ ባትሪ ይገዛል፣ ዲናሞ ያስፈትሻል። ከዚያ የከፋው የስፒከሩን ነጋቲቭ ከመኪናው ቦዲ ጋር ማሰር ነው፤ የዛሬዎቹ ቴፖች ማጉያ በዚህ ይቃጠላል። ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» (ለአራቱም ስፒከሮች በየራሳቸው 50 ዋት) የሚለውንም አትመኑ፤ ያ የቅጽበት ጣሪያ ነው፤ ለአንድ ስፒከር በተከታታይ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 20 ዋት ገደማ ነው።

የአየር ማቀዝቀዣውና የመኪናው ቅንብር በቴፑ ስክሪን በኩል የሚታዘዝባቸው መኪኖች ሲመጡ ለመቀየር አንቸኩልም፤ ቴፑ ሲወጣ ሌላውም ነገር አብሮ ይወጣልና። በእኛ አስተያየት ለብዙ ሰው ኦሪጅናሉን አስጠግኖ ብሉቱዝ መጨመር ይሻላል፤ ርካሹ ትልቅ ስክሪን ዓይን ይማርካል እንጂ ለመነሣት ጊዜ ይፈጃል፣ በፀሐይም አይነበብም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያላችሁ መኪና ብዙ ዓመት አብሯችሁ ይቆያል።

የፍተሻውን ዋጋ ጥገናውን ወይም ቅያሪውን እኛ ዘንድ ካሠራችሁ ከሒሳቡ ላይ እንቀንሰዋለን። የወጣው ቴፕ ንብረታችሁ ነው፤ ተጠቅልሎ ይሰጣችኋል። ስትመጡ የመኪናውን መጽሐፍ ያዙ፣ ባትሪ በቅርቡ ተቀይሮ እንደሆነም ንገሩን። አዲስ ቴፕ ቀድማችሁ ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ገዝታችሁ ከሆነ ካርቶኑን ከነሶኬቶቹ አምጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ኤሌክትሪክና ቴፕ ጥገና ክፍል